ቀኑን ቆጥሮ መያዝ፦ የእርግዝና መከላከያ አመራረጥና አጠቃቀም ለጅማና ለአካባቢዋ ነዋሪዎች

በጅማ ከተማ በአዋላጅ ነርስነት በሠራሁባቸው ዓመታት፣ መከላከያ እየተጠቀመች ያረገዘች ሴት ወደ ክፍሌ ስትገባ አስቀድሜ የምጠይቃት ቀኑን በምን እንደቆጠረችው ነበር። መድኃኒቱ ራሱ የከዳቸው ጥቂቶች ናቸው። የብዙዎቹ ነገር ሲጠና መርፌው የሚታደስበት ጊዜ አልፎ፣ እንክብሉ ለተከታታይ ቀናት ተዘንግቶ ወይም «እርግዝና የማይፈጠርበት ቀን» ከጎረቤት በተሰማ ስሌት ተቆጥሮ ይገኛል። ስለዚህ ይህ መመሪያ የመከላከያ ዓይነቶችን ከማስተዋወቅ ይልቅ አቆጣጠሩ ላይ ያተኩራል፤ ቆጠራው እንዲገባ ግን ስለ አካላችን ጥቂት ማለት ግድ ነው።

የመራቢያ አካላትን በስማቸው መጥራት ነውር ሆኖ ስለቆየ ብዙ ሰው «እታች» ብሎ ያልፋቸዋል። ይህም ለምርመራ አያመችም፤ «የቱ ጋ ነው የሚያምሽ?» ስትባል እጇን በነጠላዋ ላይ ከእምብርቷ በታች አሳርፋ ዝም የምትል ሴት ሽንት ያቃጥላት እንደሆነ ወይም ማህፀኗን ያማት እንደሆነ ለመለየት ጊዜ ይወስዳል። የሴት ልጅ ውጫዊ ብልት ትልቁንና ትንሹን ከንፈር፣ ከላይ ቂንጥርን፣ ከዚያ በታች ጠባቧን የሽንት ቀዳዳ፣ ከእርሷም ቀጥሎ የብልትን ቀዳዳ ይይዛል። የሽንት ቀዳዳና የብልት ቀዳዳ የተለያዩ መሆናቸውን ወልደው ያሳደጉ ሴቶች እንኳ ሳያውቁ አጋጥመውኛል። ልዩነቱን ያወቀ ሰው ከግንኙነት በኋላ ቶሎ መሽናት እርግዝናን ይከላከላል የሚለውን ወሬ አይቀበልም፤ ሽንት የሚወርደው በሌላ መንገድ ነው፣ የወንዱ ዘርም በደቂቃዎች ውስጥ የማህፀንን በር አልፎ ይሄዳል። ውስጥን በሳሙና ወይም በሎሚ መታጠብ ደግሞ ዘሩን አያስቀረውም፤ ብልትን ከኢንፌክሽን የሚጠብቁትን ጠቃሚ ባክቴሪያዎች ግን ያጠፋል።

የሴቷ ብልት ወደ ውስጥ ሲዘልቅ የሚያበቃው በማህፀን በር ላይ ነው። ማህፀን ካላረገዘች ሴት ላይ 7 ወይም 8 ሴንቲ ሜትር ያህል ርዝመት ያለው፣ ቀጭን ጫፉ ወደ ታች የተደፋ ትንሽ አቮካዶ የሚመስል ጡንቻ ነው። ከላይኛው ጎኑ ግራና ቀኝ ሁለት ቀጫጭን ቱቦዎች ይወጣሉ፤ በጫፋቸው አጠገብ እንቁላል የሚያመርቱት ሁለቱ እጢዎች ይገኛሉ። ሉፕ የተባለው ትንሽ መከላከያ የሚቀመጠው በማህፀን ውስጥ ስለሆነ ተጉዞ ልብ ውስጥ ይሰካል የሚለው ወሬ ከአካሉ አሠራር ጋር አይገጥምም። በግንኙነት ጊዜ ተንሸራቶ የቀረ ኮንዶምም ወደ ሆድ አይጠፋም፤ መጨረሻው በማህፀን በር የተዘጋ ስለሆነ በታጠበ ጣት ስቦ ማውጣት ይቻላል።

በወንድ በኩል ዘር የሚመረተው በቆለጥ ውስጥ ነው። ቆለጦቹ ከሆድ ውጭ የተንጠለጠሉት ዘር ለማምረት ከቀሪው ሰውነት ዝቅ ያለ ሙቀት ስለሚፈልጉ ነው። ከዚያ በቀጭን ቱቦ ሽቅብ ይወጣና ከሌሎች እጢዎች ከሚመነጨው ፈሳሽ ጋር ተቀላቅሎ ይፈስሳል፤ ከፈሳሹ አብዛኛው ከእነዚህ እጢዎች የሚመጣ ነው። በዚህም ምክንያት የዘር ቱቦው በቀላል ቀዶ ጥገና የተቋረጠ ወንድ የሚፈስሰው መጠን እምብዛም አይቀንስም፤ ወኔውም ስሜቱም እንደነበረ ይቀጥላል፤ ከመሰለብ ጋር አንዳች ግንኙነት የለውም። ሆኖም ቱቦው ከተቋረጠበት በላይ የቀረ ዘር ስለሚኖር ከቀዶ ጥገናው በኋላ ለ3 ወራት ሌላ መከላከያ መጠቀም ያስፈልጋል። ባሎች ይህን ሲሰሙ ፈገግ ብለው ወደ ሚስቶቻቸው ሲዞሩ አይቻለሁ፤ ለሴቷ የሚደረገው ተመሳሳይ ቀዶ ጥገና ከዚህ የከበደ መሆኑን ግን ሳልናገር አላልፍም።

የወር አበባ አቆጣጠር

ከአንዱ የወር አበባ የመጀመሪያ ቀን እስከ ቀጣዩ የመጀመሪያ ቀን ያለው ጊዜ ከ21 እስከ 35 ቀን ሊሆን ይችላል። እኛ ዘንድ ወሩ ሁልጊዜ 30 ቀን ስለሆነ ዑደቷ 28 ቀን የሆነ ሴት አበባዋ በየወሩ ሁለት ቀን እየቀደመ ይመጣባታል። ኅዳር 1 ቀን ያየች ሴት ቀጥሎ ኅዳር 29፣ ከዚያ ታኅሣሥ 27፣ ከዚያም ጥር 25 ታያለች። ይህን ያልተረዳች ልጅ «አበባዬ ተዛባ» ብላ ትጨነቃለች፤ በጳጉሜ ደግሞ ቆጠራው ጭራሹን ይምታታባታል። መፍትሔው የወሩን ቁጥር ትቶ ቀኖቹን ከአንድ ጀምሮ መቁጠር ነው፤ ደም የታየበት ቀን ምንጊዜም አንደኛ ቀን ነው።

እንቁላል የሚለቀቀው ቀጣዩ አበባ ከመምጣቱ 14 ቀን ያህል ቀደም ብሎ ነው። እንቁላሉ የሚቆየው ከ12 እስከ 24 ሰዓት ቢሆንም የወንዱ ዘር በሴቷ ውስጥ እስከ 5 ቀን ሊቆይ ስለሚችል እንቁላሉ ከመለቀቁ በፊት የተፈጸመ ግንኙነትም ያስረግዛል። ኅዳር 1 ቀን ባየችው ሴት ዑደቱ 28 ቀን ከሆነ ከኅዳር 10 እስከ ኅዳር 15 ወይም 16 ያሉት ቀናት ዋነኞቹ ናቸው። ነገር ግን እንቁላል በድንጋጤ፣ በሕመም ወይም ያለ ምክንያት ሊዘገይና ሊቀድም ስለሚችል፣ በቀን ቆጠራ ብቻ መከላከል የምትፈልግ ሴት ዑደቷ ዘወትር ከ26 እስከ 32 ቀን ባለው ውስጥ መሆኑን አስቀድማ ማረጋገጥ፣ ከ8ኛው እስከ 19ኛው ቀንም ግንኙነት መተው ወይም ኮንዶም መጠቀም ይኖርባታል። ዑደቷ የሚዋዥቅ ከሆነ ይህ ዘዴ አይሆናትም። እኔ ብጠየቅ እርግዝና በፍጹም የማይፈለግበት ዓመት ላይ ይህን ዘዴ ብቻውን ለማንም አልመክርም።

የሦስት ወሩ መርፌ

በእኛ አካባቢ ብዙ ሴቶች ከሁሉ አስቀድመው የሚጠይቁት ዲፖን ነው። ቤት ውስጥ የሚደበቅ ነገር የለውም፤ በየቀኑ ማስታወስም አይጠይቅም። «የሦስት ወር መርፌ» መባሉ ግን አሳሳች ነው፤ መርፌው የሚታደሰው በየ13 ሳምንቱ፣ ማለትም በ91 ቀን ነው። ሳምንት በሳምንት መቁጠር አንድ ትልቅ ጥቅም አለው፤ ከ13 ሳምንት በኋላ የሚመጣው ቀን ያው የተወጋችበት ዕለት ነው። ሐሙስ የሂርማታ ገበያ ቀን በመሆኑ ከገጠር የሚመጡ ሴቶች ቅቤና በርበሬ ሸጠው ጎራ የሚሉት በዚሁ ዕለት ነው፤ እኔም ቀጠሮ ስሰጥ «ከዛሬ ሌላ 13 ሐሙስ» እላቸው ነበር። ሐሙስ መስከረም 8 ቀን የተወጋች ሴት ሐሙስ ታኅሣሥ 9 ቀን ትመለሳለች። አንዲት እናት ቁጥር ሳትጽፍ ከመቀነቷ ጫፍ 13 ቋጠሮ ቋጥራ በየገበያው አንድ አንድ እየፈታች አንድም ቀጠሮ ሳታዛንፍ ሦስት ዓመት ቆይታለች፤ ከዚያ ወዲህ ካርዷን በዝናብ ያራሰች ሴት ሁሉ ይህን ዘዴ ከእኔ ሰምታለች።

በወር ቁጥር የሚቆጥሩ ሁሉ በክረምት ማብቂያ ይሳሳታሉ። ሰኔ 20 ቀን ተወግታ «መስከረም 20 እመለሳለሁ» የምትል ሴት ጳጉሜ በመካከል ስለሚገባ የምትመጣው በ95ኛው፣ ጳጉሜ 6 በሚሆንበት ዓመትም በ96ኛው ቀን ነው። ለክፉ አይሰጥም፤ መርፌው እስከ 4 ሳምንት ዘግይቶ ቢወሰድም ያለ ተጨማሪ ጥንቃቄ ሊሰጥ ይችላል። ይህ ግን ለተቸገረ የተተወ ክፍተት እንጂ ዘወትር የሚቆጠርበት ቀን አይደለም። ከ4 ሳምንት ካለፈ እርግዝና አለመኖሩ ተረጋግጦ ይወጋና ለ7 ቀን ኮንዶም ያስፈልጋል። መርፌው እስከ 2 ሳምንት ቀድሞም ሊወሰድ እንደሚችል የሚያውቅ ጥቂት ነው፤ ከጥቅምት ጀምሮ ወደ ጎማ፣ ወደ ሊሙ ወይም ወደ ጌራ ለቡና ለቀማ የምትሄድ ሴት ቀጠሮዋ ለቀማው መሐል የሚወድቅ ከሆነ ከመሄዷ በፊት መጥታ መወጋት ትችላለች።

ዲፖ የሚወስዱ ሴቶች የወር አበባቸው ይዛባል፤ ሲቆይም ፈጽሞ ሊቀር ይችላል። ደሙ ውስጥ ተጠራቅሞ ነቀርሳ ይሆናል የሚለው ሐሰት ነው፤ መድኃኒቱ የማህፀንን ግድግዳ ስለሚያሳሳው የሚፈስስ ደም አይዘጋጅም፣ የሚጠራቀምም የለም። አንዳንዶች ክብደት ይጨምራሉ። መርፌው የተወጋበትን ቦታ ማሸት መድኃኒቱን ቶሎ ስለሚያሰራጨው መተው አለበት። ከሁሉ በላይ ሊነገራት የሚገባው መርፌውን ካቆመች በኋላ ለማርገዝ ሌሎች መከላከያዎችን ካቆሙት በአማካይ 4 ወር ያህል ልትዘገይ እንደምትችል ነው። በሚቀጥለው ዓመት ልጅ እፈልጋለሁ የምትል ሴት ዲፖን ባትመርጥ ይሻላታል።

የሚዋጠው እንክብል

በብዛት የሚሰጠው የእንክብል ማሸጊያ 28 ፍሬ ይይዛል። ገልበጥ አድርገው ቢያዩት በየረድፉ ቀስት ተስሎበታል፤ 21ዱ ነጫጭ ፍሬዎች መድኃኒቱን፣ የመጨረሻዎቹ 7 ቡናማ ፍሬዎች ብረት ብቻ ይይዛሉ። አበባ የሚመጣው ቡናማዎቹ በሚዋጡበት ሳምንት ነው። ማሸጊያው ሲያልቅ ያለ አንድ ቀን ዕረፍት አዲሱ ይጀመራል፤ «አበባዬ እስኪያበቃ ልጠብቅ» ማለት ከሚያስረግዙት ስሕተቶች አንዱ ነው። አበባ በታየ በመጀመሪያዎቹ 5 ቀናት የተጀመረ ወዲያው ይሠራል፤ ከዚያ ወዲያ የተጀመረ ለ7 ቀን በኮንዶም ይደገፋል።

ሰዓቱን ከመኝታ በፊት ማድረጉን እመክራለሁ። የማቅለሽለሽ ስሜት ቢኖር እንቅልፍ ያሳልፈዋል፤ ከዚህም ሌላ በረመዳን የሚጾሙ ከፍጥር በኋላ፣ የኦርቶዶክስን ጾም የሚጾሙም ከእራት በኋላ ሊውጡት ስለሚችሉ ሰዓቱ በዓመቱ ውስጥ አይለዋወጥም። ጠዋት ጠዋት የለመደች ሴት ረመዳን ሲቃረብ ጥቂት ቀን ቀደም ብላ ወደ ማታ ብታዛውረው በጾሙ የመጀመሪያ ቀን አትደናገርም።

ከነጫጮቹ አንድ ወይም ሁለት ከተረሳ፣ እንደታወሰ አንድ መዋጥና ሌላውን በሰዓቱ መቀጠል ይበቃል፤ በአንድ ቀን ሁለት መዋጥ ቢመጣም አይጎዳም። ሦስትና ከዚያ በላይ ከተረሳ ግን አንድ ወዲያው ይዋጥና ቀሪው በየቀኑ እየቀጠለ ለ7 ቀን ኮንዶም ይጨመራል። ይህ የሆነው በሦስተኛው ሳምንት ከሆነ ቡናማዎቹ ይዘለሉና ነጫጮቹ ሲያልቁ አዲስ ማሸጊያ ይጀመራል። ቡናማ ፍሬ መርሳት ምንም አያመጣም፤ የተረሳውን ጥሎ መቀጠል ነው። ከተዋጠ በ2 ሰዓት ውስጥ ያስመለሳት ሴት ሌላ ፍሬ ትዋጥ።

ይህ እንክብል ለሁሉም አይሆንም። የደም ግፊቷ 140/90 ወይም ከዚያ በላይ የሆነ፣ ዓይንን የሚያጭበረብር ከባድ ራስ ምታት ያለባት፣ ደም በሥሯ ውስጥ ረግቶ የሚያውቅ፣ ከ35 ዓመት በላይ ሆና ሲጋራ የምታጨስ ወይም ከ6 ወር በታች የሆነ ሕፃን የምታጠባ ሴት ሌላ መምረጥ አለባት። ስለዚህ ከመደብር ገዝቶ ከመጀመር አስቀድሞ ግፊት መለካት ተገቢ ነው። የቲቢ መድኃኒት የሆነው ሪፋምፒሲንና አንዳንድ የሚጥል በሽታ መድኃኒቶች እንክብሉንም በክንድ ቆዳ ሥር የሚቀበረውንም መከላከያ ያዳክማሉ፤ ኤፋቪሬንዝ የተባለው የኤች አይ ቪ መድኃኒትም በክንድ የሚቀበረውን ያዳክማል። የሚወሰድ መድኃኒት ካለ ባይጠየቁም መናገር ያስፈልጋል። እንክብሉን እየወሰዱ ድንገተኛ የደረት ሕመም፣ የአንድ እግር እብጠትና ሕመም ወይም የዓይን ቢጫነት ከታየ ሳይውሉ ሳያድሩ ሐኪም ዘንድ መሄድ ነው።

የማይቆጠሩት፦ ክንድና ሉፕ

ቀን መቁጠር ለማይሆንላት ሴት እነዚህ ሁለቱ የተሻሉ ናቸው፤ ከ100 ተጠቃሚዎች በዓመት የሚያረግዙት ከአንድ አይበልጡም። ኢምፕላኖን የክብሪት እንጨት የሚያህል አንድ ዘንግ ሲሆን ለ3 ዓመት ያገለግላል፤ ጃዴል ሁለት ዘንግ ሆኖ ለ5 ዓመት ይቆያል። ከላይኛው ክንድ ቆዳ ሥር በማደንዘዣ ይቀበራል፤ ጣት ሲያሳርፉበት ይዳሰሳል። ከባድ ሥራ አይከለክልም፤ ቡና መልቀምም እንጀራ መጋገርም ይቻላል። የደም አመጣጥ በተለይ በመጀመሪያው ዓመት ይዛባል። የመዳብ ሉፕ ደግሞ ሆርሞን ስለሌለው ለምታጠባም ግፊት ላለባትም ይስማማል፤ እስከ 10 ዓመት ያገለግላል፣ እንደገባም ይሠራል። በመጀመሪያዎቹ ወራት አበባ ሊበዛና ቁርጠት ሊያስከትል ይችላል። ትኩሳት ያለበት የታችኛው ሆድ ሕመም ወይም ከማህፀን በር የሚወርደው የሉፑ ክር መጥፋት ግን ለምርመራ የሚያበቃ ነው።

ሁለቱንም በማናቸውም ጊዜ ማስወጣት የተጠቃሚዋ መብት ነው። «ጊዜው ሳያልቅ አይወጣም» የሚል መልስ የተሰጣቸው ሴቶች አጋጥመውኛል፤ መልሱ ትክክል አይደለም፤ የጠየቀችበትን ምክንያት ማስረዳትም ግዴታዋ አይደለም።

ኮንዶም

ከሁሉም ዘዴዎች ከአባላዘር በሽታና ከኤች አይ ቪ የሚጠብቀው ኮንዶም ብቻ ስለሆነ ሌላ መከላከያ ለምትጠቀምም ያስፈልጋል። ቀኑ አለማለፉ ከታየ በኋላ ማሸጊያው በጣት ተጫን ይደረጋል፤ አየር ካለው እንደ ትንሽ ትራስ ይመለሳል። በጥርስ አይቀደድም። ጫፉ በሁለት ጣት ተይዞ አየሩ ወጥቶ፣ ብልቱ ከቆመ በኋላ እስከ ሥሩ ይተረተራል። ካለቀ በኋላ ሳይልም ሥሩ ተይዞ ይወጣል። ቅቤ፣ ቫዝሊንና የፀጉር ዘይት ላስቲኩን በደቂቃዎች ያሟሙታል፤ ማለስለሻ ካስፈለገ በውኃ የተሠራው ከፋርማሲ ይገዛል። ሁለት ደራርቦ ማድረግ ይበልጥ ያስቀድደዋል። የባጃጅ ሾፌሮች ከፊት መስታወቱ ሥር አስቀምጠውት አይቻለሁ፤ ቀኑን ሙሉ ፀሐይ የመታው ኮንዶም ግን ሊታመን አይገባም።

ከግንኙነት በኋላ የሚዋጠው

ኮንዶም ሲቀደድ ወይም ያለ መከላከያ ግንኙነት ሲፈጸም በተለምዶ ፖስትፒል የሚባለው እንክብል በ72 ሰዓት ውስጥ ይዋጣል። እስከ 5 ቀን ጥቂት ሊረዳ ቢችልም ሰዓቱ በገፋ ቁጥር ኃይሉ ይቀንሳል፤ ቅዳሜ ከምሽቱ 4 ሰዓት ለሆነው ነገር 72 ሰዓቱ የሚሞላው ማክሰኞ ከምሽቱ 4 ሰዓት ነው፣ እሑድ ጠዋት መዋጡ ግን ማክሰኞን ከመጠበቅ እጅግ ይበልጣል። የሚሠራው እንቁላል እንዳይለቀቅ በማዘግየት ነው፤ የተፈጠረ እርግዝናን አያስወርድም። ከዋጠችው በኋላ ለሚፈጸም ሌላ ግንኙነት አያገለግልም፤ ስለዚህ የዘወትር መከላከያ ማድረግ ስሕተት ነው። አበባ ከአንድ ሳምንት በላይ ከዘገየ የእርግዝና ምርመራ ይደረግ። በ5 ቀን ውስጥ የሚገባ የመዳብ ሉፕ ከእንክብሉ የበለጠ አስተማማኝ ነው። ተገድዳ የተደፈረች ሴት ግን እንክብሉን ብቻ ገዝታ መቀመጥ የለባትም፤ ኤች አይ ቪን የሚከላከለው መድኃኒትም በ72 ሰዓት ውስጥ መጀመር ስላለበት ልብሷን ሳታጥብ ወዲያው ወደ ሆስፒታል ትሂድ።

አገልግሎቱ የት ይገኛል

በመንግሥት ጤና ጣቢያዎች መከላከያ በነፃ ይሰጣል፤ በገጠር ቀበሌዎች ጤና ኬላ ያሉ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች እንክብል፣ መርፌና ኢምፕላኖን ይሰጣሉ። በጅማ ክፍሉን ለማግኘት «የቤተሰብ ምጣኔ» ወይም በኦሮምኛ «ከሮራ ማቲ» ብሎ መጠየቅ ይበቃል። ያላገቡ ወጣቶች ይፈራሉ፤ ፋርማሲ በር ላይ ሌላው ደንበኛ እስኪወጣ የስልክ ካርድ የሚፍቁ መስለው የሚቆሙትን አውቃቸዋለሁ። ለወጣቶች ምቹ የተባለ ክፍል ባለበት ጤና ጣቢያ ወደዚያ መሄድ ከዚህ ያድናቸዋል፤ የጋብቻ ወረቀት የሚጠይቅ የለም።

የምታጠባ እናት ለብቻዋ የሚሆን ዘዴ አላት፤ ሕፃኑ ከ6 ወር በታች ከሆነ፣ አበባዋ ካልተመለሰ፣ ቀንም ሌሊትም ከጡት በቀር ውኃም ሆነ አብሽ የማትሰጠው ከሆነ ማጥባቱ ራሱ ይከላከላል። ከሦስቱ አንዱ በጎደለበት ዕለት ሌላ መጀመር አለባት።

የቀጠሮ ካርድ ከጠፋ «ቀኑን ረሳሁት» ብላ ቤት የምትቀር ሴት ብዙ ናት። በጤና ጣቢያው መዝገብ ላይ ስሟና የመጨረሻው ቀን ይገኛል፤ ባይገኝ እንኳ በሽንት ምርመራ እርግዝና አለመኖሩ ታይቶ መርፌው በዚያው ዕለት ይወጋል፣ ለ7 ቀን የሚበቃ ኮንዶም ይሰጣታል፣ ቆጠራውም ከዚያ ሐሙስ እንደ አዲስ ይጀመራል።